ሙሴ አራምና ነጭ ቀለም

ሙሴ አራም የተቀበሩ ሰሞን ከቤት አከራዩ ድርጅት አንዲት ልጅ መጣች። ጫማዋን ሳትጠርግ ገብታ ሳሎኑ መሀል ቆመች። ከዳር እስከ ዳር ግድግዳውን የሞላውን ሥዕል ለአፍታ አየችና በያዘችው ታብሌት ላይ የሆነ ነገር ነካ ነካ አደረገች። «አልስ ቪት» አለችኝ። ሁሉም ነጭ ይሁን ማለቷ ነው። በዚህ በሆላንድ ተከራይ ሲሞት ቤቱ ተራቁቶ፣ የወለሉ ምንጣፍ ተነቅሎ፣ ግድግዳው ነጭ ተቀብቶ ነው የሚመለሰው። ሰው ያልኖረበት መምሰል አለበት። ደንቡን አጥቼው አይደለም። አረጋውያንን ቤት ለቤት የምንከባከብ ሴት ነኝ፤ ስንት ቤት እንዲህ ሲራቆት አይቻለሁ። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ።

«ይሄ እኮ ሥዕል ነው» አልኳት።

«ቆንጆ ነው፣ ሚቭራው» አለችኝ፤ እመቤት ማለቷ ነው። «ግን ቀጣዩ ተከራይ የሚጠብቀው ነጭ ግድግዳ ነው።»

እስከ ሰኞ ድረስ ጊዜ ሰጥታኝ ወጣች። ሙሴ አራም ልጅም ዘመድም አልነበራቸውም። «አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ይጠራ?» ሲባሉ ያስመዘገቡት የእኔን ስም ነበር፤ ስለዚህ እሳቸውን በነጭ የመሸፈኑ ጣጣ በእኔ ላይ ወደቀ። ይህን ስጽፍም ንዴቱ አልለቀቀኝም። ቶሎ እንዲለቀኝም አልፈልግም።

ሙሴ አራም አርመን ናቸው፤ የተወለዱት ግን ፒያሳ ነው። ያኔ የአዲስ አበባ ሰው አርመኑንም ግሪኩንም «ሙሴ» እያለ ይጠራ ነበር፤ እሳቸውም ማዕረጉን ይዘውት አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት ሰፈር ድረስ መጡ። አባታቸው ጫማ ሰፊ ነበሩ። ብሩሽ መያዝ ያስተማሯቸው የሱቅ ሰሌዳ ይጽፉ የነበሩት አጎታቸው ናቸው። ወጣት ሳሉ ሥዕል ሊማሩ ወደ አርመን ዋና ከተማ፣ ወደ የሬቫን ሄዱና እዚያ «ሐበሻው» ተባሉ። ተመልሰው አዲስ አበባ ሲገቡ የአባታቸው ሱቅ ተወርሶ ጠበቃቸው። ከዚያ በስንት አገር ዞረው እዚህ ደረሱ፤ እዚህ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ሩስያዊ ይላቸዋል። «ሦስት አገር አለኝ፤ አንዱም በስሜ አይጠራኝም» ይሉ ነበር። ይህን የሚሉት ለማሳዘን አይደለም። ሲናደዱ ነው። የሚናደዱት ደግሞ ሁልጊዜ ነው።

የተዋወቅነው በስድብ ነው። ወደዚህ ሕንፃ የገባሁ ሰሞን ሊፍት የሌለው ደረጃ ላይ አስቤዛ ተሸክሜ ስወጣ መተላለፊያው ላይ የቆመ ብስክሌት ቅልጥሜን መታኝ። ማንም አይሰማኝም ብዬ በአማርኛ የብስክሌቱን ባለቤት ከነዘር ማንዘሩ አወረድኩት። ከላይ አንድ ወፍራም ድምፅ መለሰልኝ።

«ስድቡን ስትጨርሺ ንገሪኝ፤ ብስክሌቱ የእኔ ነው።»

ቀና ስል ነጭ ጢም ያላቸው፣ አፍንጫቸው የገዘፈ፣ ሹራባቸው በቀለም የተዥጎረጎረ ፈረንጅ ሽማግሌ የደረጃውን መደገፊያ ተደግፈው ያዩኛል። ሽንኩርቴ ከእጄ አምልጦ እየተንከባለለ ምድር ቤት ደረሰ። ወርደው ለቀሙልኝ። ስሜን ጠየቁኝ። ብርቱካን ስላቸው ትክ ብለው አዩኝና፣ «ብርቱካን ሆላንድ ድረስ መጣች! ይኸው አገሩ ሁሉ የብርቱካን ቀለም ለብሶ ኳስ ያያል፤ አንቺ ምን ቀረብሽ?» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብስክሌቱን አላነሱትም፤ እኔም መሳደቤን አላቆምኩም።

አንድ አመል ነበራቸው። ሰው ሲያናግራቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አውራ ጣታቸውን ከፊታቸው ይዘረጉና ሰውየውን እንደ ዕቃ ይለኩታል። የዶክተር ቀጠሮ ላይ አብሬያቸው ሄጄ ሐኪሟን ሲለኩ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የዋሸ የመሰላቸውን ሰው «ቀለምህ ተለወጠ» ይሉታል። እኔንም ስንት ጊዜ ብለውኛል፤ ስንት ጊዜም ልክ ነበሩ።

ሰማዩን የሚጠሩት በከብት ቀለም ነው። ጠዋት ስወጣ በረንዳቸው ላይ ቆመው «ዛሬ ዳልቻ ነው፤ ዣንጥላ ያዢ» ይሉኛል። ሌላ ቀን ቡላ ይሆናል፤ ሌላ ቀን አመድማ። «እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ አንድ ላይ ግራጫ ብለው ይጨርሱታል። ዓይን ያለው ሰው እንዴት እንዲህ ይሰንፋል?» ይላሉ። ያ ሰማይ ስንት ዓመት ሙሉ ሲያስለቅሰኝ የኖረ ሰማይ ነው። እሳቸው በስም በስሙ ሲጠሩልኝ ቢያንስ የሚያስለቅሰኝ የትኛው እንደሆነ አወቅሁ።

ነጭን ግን አይወዱም። አለመውደድም አይገልጸውም፤ ጠላታቸው ነው። ምክንያት ነበራቸው። ሆላንድ እንደመጡ ሥራ አገናኝ ቢሮ ገብተው «ሠዓሊ ነኝ» ቢሉ በደችኛ ሠዓሊውም ቀቢውም አንድ ቃል ነውና የቤት ቀለም መቀቢያ ሮለር ሰጧቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኒው ዌስት በሚባለው የከተማው ክፍል የለቀቀ ሰውና የሞተ ሰው ቤት ነጭ ሲቀቡ ኖሩ። አንድ ቀን የኮክ ማርማላታቸውን በሻይ ማንኪያ እየበሉ እንዲህ አሉኝ፦

«የበሩ መቃን ላይ የልጆች ቁመት የተሰመረበት ቤት ነበር። ከታች እስከ ላይ፣ ከነስማቸው። አንደኛው ልጅ መሀል ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ የለም።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ቀባሁታ! ሁለቴ ቀባሁት። ከዚያ ምሳዬን በላሁ።» ማንኪያውን ወርውረው ተነሱ።

አሁን ወደ ሮተርዳሙ ነገር ልግባ፤ ሳልነካው ብቀር ይሻለኝ ነበር።

ሮተርዳም አካባቢ ያለች የእኛ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ሲበዛ ለግድግዳዋ የጸሎተ ሐሙስን ማዕድ የሚስል ሰው ተፈለገ። እኔ ሙሴ አራምን ጠቆምኩ። አርመንና እኛ በሃይማኖት እኅትማማች ነን፤ ማንም ቅር አላለውም። ሙሴ አራም ክረምቱን ሙሉ ትልቅ ሸራ ላይ ሣሉ። ሥዕሉ ሲገለጥ ጉድ ፈላ፦ ይሁዳ ሁለት ዓይን አለው።

በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ሆኖ ከነሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ፒያሳ ያደጉት ሙሴ አራምም ያውቁታል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ መኮንን ነበሩ፤ ከወደብ ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ለቅሶ ሲሆን መጀመሪያ ደርሰው መጨረሻ የሚሄዱ ትልቅ ሰው። በጨዋ ደንብ ለመኑ።

«ሙሴ፣ አንዱን ዓይን ቢያጠፉልን ምን ይላሉ?»

«ከጌታው ጋር እጁን በአንድ ወጭት ሲያጠልቅ ስንት ዓይን ነበረው?»

«ሥርዓቱ ግን…»

«እኔን የከዳኝ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት እያየኝ ነው የከዳኝ። አንድ ዓይን ያለው ሰው ምንም አላደረገኝም። አላጠፋም።»

ሥዕሉ እንዳለ ተሰቀለ፤ ነገሩ ያለቀ መሰለን። በሌላው ዓመት ለጸሎተ ሐሙስ አብረን ሄድን። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ሙሴ አራም ቀና ሲሉ ይሁዳ ወደ ጎን ዞሯል። አንድ ሰው በቡናማ ቀለም ግማሽ ፊቱን ሸፍኖ፣ አፍንጫ መሳይ ነገር ለጥፎለታል። እሳቸው አልጮኹም። ሕዝቡን አልፈው በካልሲያቸው ሥዕሉ ሥር ድረስ ሄዱና ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አሳረፉ።

«ማነው?» አሉ።

«ኮሚቴው ነው» አለ አንዱ ቀስ ብሎ።

«ኮሚቴ እጅ አለው እንዴ?»

ዞረው ወጡ፤ ጫማቸውንም አላደረጉም። እኔ የእሳቸውን በእጄ፣ የራሴን በእግሬ ይዤ በዝናቡ እየሮጥኩ ተከተልኳቸው። ትራም ላይ እግራቸው ውሃ ያንጠባጥባል፤ ሰው ያየናል። ባቡር ውስጥ ጫማቸውን ያጠለቁት ዴልፍትን ስናልፍ ነው። «ሸራ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይሰረዛል፤ ሞኝ ነበርኩ» አሉኝ ክሩን እያሰሩ። «ከእንግዲህ ግድግዳ ላይ ነው።»

ያንን ቤተ ክርስቲያን ደግመው አልረገጡም። እዚያው ያለውን የመረዳጃ ማኅበራችንን ግን አልተዉም፤ «ቤቱን እንጂ ሰዉን አልፈታሁም» ብለው ለቅሶ በመጣ ቁጥር ወንበር ሲሸከሙ አይቻቸዋለሁ።

እንዳሉትም አደረጉ። ሳሎናቸውን ከመኝታቸው የሚለየውን የጂፕስ ግድግዳ ራሳቸው አቁመውት ነበር፤ እሱ ላይ ያንኑ ማዕድ እንደገና ጀመሩ። ቀለማቸው ሰው የጣለው የቆርቆሮ ትራፊ ነው፤ ከጎዳናና ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ እየለቀሙ ያዋህዱታል። ጠረጴዛው የበሰለ ኮክ ይመስላል። ለጌታ ልብስ አንድ ቀይ ፈለጉ፤ አርመኖች ድሮ ከትል ያወጡት የነበረ ቀይ ነው አሉኝ፤ እሱን ከትራፊ ለማግኘት ስንት ወር ቆርቆሮ ሲያማስሉ ኖሩ። ያገኙት ቀን በሬን በቡጢ ደበደቡ። እሳት አደጋ መስሎኝ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። «ነይ እይ! ነይ እይ!» ይላሉ። አየሁት። ዓይኔን ሞልቶ ደረቴ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ቀለም ሰው ሊያስለቅስ እንደሚችል ማን ነግሮኝ ነበር?

ማዕዱ ዙሪያ የተቀመጡት የሰፈራችን ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ፊታቸው ሙሉ ነው። ከጌታ ሁለት ሰው ርቆ ነጭ የሠራተኛ ቱታ የለበሰ ወጣት ተቀምጧል። በዚያ ሁሉ ቀለም መሀል ነጭ እሱ ብቻ ነው። አፍንጫውን አይቼ ክው አልኩ።

«ሙሴ፣ ይሄማ እርስዎ ነዎት።»

«ይሁዳ ነው።»

«ለምን ራስዎን?»

«ስንት ሰው ቤት አጠፋሁ! ጎረቤቴን ላድርገው?»

ሲያርፉ በራቸው ላይ ብዙ ለቀስተኛ አልነበረም። ልጅቷ «አልስ ቪት» ብላኝ በሄደች ማግስት እንደ እብድ ስልክ መታሁ። አምስተርዳም ውስጥ የደወልኩላቸው ሁሉ በትሕትና አዘኑልኝ። በትሕትና ማዘን እዚህ አገር እንደ ዝናብ ነው። በመጨረሻ ዴንሃግ፣ እኛ ሄግ በምንላት ከተማ፣ አሮጌ የግድግዳ ሥዕል የሚያድስ አንድ ሰው መጣልኝ። ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር አየ። ከዚያ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገ።

«ጂፕስ ነው። በመጋዝ ቆርጬ ሙሉውን አወጣዋለሁ» አለ። «የማስቀምጥበት ቦታም አለኝ። ሰኞ ጠዋት መኪና ይዤ እመጣለሁ።»

ከአከራዩ ድርጅት ለመጣችው ልጅ ደወልኩ። ግድግዳው ተከራዩ ራሱ ያቆመው ስለሆነ ቢነሳ ግድ የላትም፤ እንዲያውም ደስ ይላታል። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ዘለልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ስዘል ደግነቱ ያየኝ አልነበረም።

ከዚያ ጋሽ መኮንን ደወሉ።

«ብርቱካንዬ፣ ቤት ማስረከብ አለ አይደል? ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ማኅበሩ ነው የሚያስረክበው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሽ መኮንን። ዕቃውን ብታወጡልኝ ይበቃል። ግድግዳውን ይተዉት፣ አይልፉ።»

«ምን ልፋት አለው! እኛ እያለን አንቺ ሮለር ልትይዢ?»

«የእውነቴን ነው፤ ይተዉት። እኔ ይዤዋለሁ።»

«እሺ እሺ። አንቺ ብቻ አትጨነቂ።»

እኔ ይተዉት ያልኩት ይተዉት ብዬ ነው። ግን በእኛ ዘንድ ማዕድ ላይ «በቃኝ» ያለ ሰው ማን ይሰማዋል? ይጨመርለታል እንጂ። እምቢታዬን ለጨዋነት ቆጠሩት። ቅዳሜ ሥራ ነበረኝ፤ ቁልፉን ሰጥቻቸው ወጣሁ።

ከሰዓት ስመለስ ሽታው የተቀበለኝ ገና ምድር ቤት ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋሽ መኮንን ቅንድባቸው በቀለም ሸብቶ፣ ራሳቸው ላይ የፕላስቲክ ከረጢት አጥልቀው ፊታቸው በደስታ በርቶ ቆመዋል።

«እንኳን ደህና መጣሽ! ግቢ፣ ግቢ፤ ጨርሰንልሻል።»

ገባሁ። ነጭ። ከዳር እስከ ዳር፣ ከጣሪያ እስከ ወለል። አራት ጎረምሶች ሮለር ይዘው ምስጋና ይጠብቃሉ። አንደኛው በኩራት እንዲህ አለኝ፦

«ቀዩ ነው ያስቸገረን፣ እህቴ። ሁለቴ ቀባነው፤ አሁንም ብቅ ይላል። ሦስተኛ ደረብንበትና ዝም አለ።»

የጮህኩት ጩኸት የእኔ አልመሰለኝም። ፎጣ ነክሬ ግድግዳውን ፈተግሁ። የሙሴ አራም ቀለምም በውሃ የሚሟሟ የቤት ቀለም ነው፤ ፎጣዬ ላይ የመጣው ሮዝ ጭቃ ብቻ ነበር። «ሰኞ እኮ ሊወስደው ነበር! ሰውየው መጋዙን ይዞ ሊመጣ ነበር!» እያልኩ ፈተግሁ። ጎረምሶቹ ሮለራቸውን የሚያስቀምጡበት ጠፋቸው።

«ተዉት ስትይኝ… ይሉኝታ መስሎኝ» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ያኔ የይሁዳ አንዱ ዓይን አልበቃዎትም?» አልኳቸው።

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ከረጢቱን ከራሳቸው ላይ ማውለቅ ረስተውታል። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! ክፉ ሰው ይሰደባል፣ ይረገማል፣ ይገላገሉታል። ከሮተርዳም ድረስ በራሱ መኪና መጥቶ፣ በሰባ ዓመቱ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ለሞተ ወዳጁ ነፍስ ብሎ ሥራውን ያጠፋ ሰው ምን ይባላል? አሁንም ቃል አላገኘሁለትም። ንዴቴ መድረሻ ያጣው ለዚህ ነው።

ሰኞ ልጅቷ መጣች፤ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችና ቁልፉን ተቀበለችኝ። ለዴንሃጉ ሰው እንዳይመጣ የነገርኩት በስልክ ነው። «ፎቶ አለሽ?» አለኝ። በስልኬ ያነሳኋቸው ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ላይ የራሴ ጥላ አለበት።

የአርባቸው ዕለት ማኅበሩ ሮተርዳም አዳራሽ ተከራይቶ ደገሰ። ካህኑ ጸሎት አደረሱ። ከዚያ ቤቱን ቀብተው ላስረከቡ ወንድሞች ምስጋና ቀረበ፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። ጋሽ መኮንን ቀና አላሉም። «እኅታችን ብርቱካንም በቤተሰቡ ስም አንድ ቃል ትበልልን» ተባለ። ማመስገን ነበረብኝ። ሁሉም የሚጠብቀው እሱን ነው። ምግቡም ተደርድሯል።

ተነሣሁ። «ሙሴ አራም ቤታቸው ግድግዳ ላይ አሥራ ሦስት ሰው ሥለው ነበር» አልኩ። «ያላያችሁ ትኖራላችሁ። ከግራ ልጀምር።»

የመጀመሪያው ሐጂ ድሪስ ናቸው፤ ምድር ቤት የሚኖሩት ሞሮኳዊ። ካባቸው ማታ ላይ ወይንጠጅ ሆኖ ቀን ላይ ሰማያዊ ይመስላል፤ ጉልበታቸው ላይ ድመት አለች፤ ድመቷም ሁለት ዓይን አላት። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ በብርቱካን ቀለም አልሣሉኝም፣ በአረንጓዴ ነው፤ አፌ ተከፍቷል፣ እየተሳደብኩ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ሰው ሳቀ። ሦስተኛው ቱርኩ የአትክልት ሻጭ ነው፤ እጆቹ ከሰውነቱ ይበልጣሉ፤ በአንዱ ዳቦ ያቀብላል፣ በሌላው ዓይኑን ከመብራቱ ይጋርዳል፤ በጣቶቹ መሀል የሚያልፈውን ብርሃን ሙሴ አራም በቢጫ ሳይሆን በሮዝ ነው የሠሩት።

«እህቴ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ» አለኝ አንዱ ከኋላ።

«ይቀዝቅዝ» አልኩት።

ጋሽ መኮንን ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ፤ እንድቀመጥ የሚለምኑኝ መሰለኝ። ይሁዳ ከነሁለት ዓይኑ አምስተኛው ላይ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ አራተኛውን ጀመርኩ።